አኗኗር፣ አመጋገብና የአዋቂዎች ክብደት በንፋስ መውጫ፦ አንድ መለኪያ ለሁለት ችግር

በአማራ ክልል ከተሞች በአዋቂዎች የሰውነት ክብደት ላይ የሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ቅርጽ አላቸው። መላሹ ይመዘናል፣ ቁመቱ ይለካል፣ ባለፉት ሰባት ቀናት ምን እንደበላና ስፖርት ይሠራ እንደሆነ ይጠየቃል። የክብደትና የቁመት ምጣኔው (ቢኤምአይ) 25 ከሞላ «ክብደቱ ከልክ ያለፈ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ካልሞላ ከሌላው ሰው ሁሉ ጋር በአንድ ረድፍ ይደመራል። አሠራሩ ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም፤ ውጤቱን ከሌላ አገር ውጤት ጋር ለማነጻጸር ያስችላል። ነገር ግን እንደ ንፋስ መውጫ ባለ ከተማ ምንም ሳይሻሻል ሲሠራበት የሚያሳየው የከተማዋን ነዋሪ ሳይሆን መጠይቁ መጀመሪያ የተዘጋጀለትን ሰው ነው። ክሳትና ውፍረት በአንድ ገበያ በሚገናኙበት ቦታ ክብደትን ከአኗኗርና ከአመጋገብ ጋር ለማዛመድ የሚነሣ ጥናት ሁለቱንም ጫፍ አብሮ ካልለካ፣ ወቅቱንና ጾሙንም ካልመዘገበ፣ የሚደርስበት መደምደሚያ ለሕክምና ምክርም ሆነ ለፖሊሲ አሳሳች መሆኑ አይቀርም።

ንፋስ መውጫ የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ በሚዘልቀው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር በሚያህል ከፍታ ተቀምጣለች፤ ስሟም ብርዷን አይደብቅም። በዙሪያዋ ያለው ደጋ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች ያበቅላል፤ ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ ሲወረድ ጤፍና ማሽላ ይጨመራል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የምግብ እጥረት ተደጋግሞ የሚጎበኛቸው፣ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም የሚሠራባቸው ወረዳዎች ናቸው። በዚያው መንገድ ዳር ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ የባንክ ባለሙያውና ሹፌሩ ቀኑን ተቀምጠው ይውላሉ፤ አጭሩን መንገድ በባጃጅ ይሄዳሉ፤ ማታ ምግብ ቤት ይገናኛሉ። በገበያ ቀን ሁለቱ ዓለማት በአንድ አደባባይ ይተላለፋሉ። ከዚያ አደባባይ የሚወሰድ አማካይ ክብደት ከሁለቱም ወገን የማንንም ኑሮ አይገልጽም።

አገራዊው አኃዝ የዚሁ ነገር ሰፊ ምስል ነው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል ምጣኔያቸው ከ18.5 በታች የሆነው በ2000 እ.ኤ.አ. 30 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. 22 በመቶ ሆነዋል። በዚያው ዘመን ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ሴቶች ከ3 በመቶ ወደ 8 በመቶ አድገዋል። በወንዶች በኩል የ2016ቱ ዳሰሳ 33 በመቶውን ከሲታ፣ 3 በመቶውን ብቻ ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው ሆነው አግኝቷቸዋል። ውፍረቱ በከተማ ሴቶች ዘንድ የተከማቸ ነው፤ በከተማ ከአምስት ሴቶች አንዷ ገደማ ከልክ ያለፈ ክብደት ሲኖራት በገጠር ቁጥሩ እጅግ ያንሳል። ከእነዚህ አኃዞች «ውፍረት እየጨመረ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ብቻ መዝዞ የጥናት መግቢያ ማድረግ የተለመደ ሆኗል። ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው፤ ሆኖም ከአምስት ሴቶች አንዷ፣ ከሦስት ወንዶችም አንዱ ከሲታ በሆኑበት አገር ግማሽ እውነት ነው።

የመለኪያው ነገር ራሱን የቻለ ክርክር ይፈልጋል። ክብደትን በቁመት ካሬ የማካፈሉ ሐሳብ የቤልጅጉ የስታቲስቲክስ ሊቅ የአዶልፍ ኬትሌ ነው፤ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲያቀርበው «መካከለኛውን ሰው» ለመግለጽ እንጂ በሽታ ለመለየት አልነበረም። ዛሬ የሚታወቅበትን ስም በ1972 እ.ኤ.አ. የሰጡት አንሴል ኪስና ባልደረቦቻቸው ናቸው። 18.5፣ 17 እና 16 የሚሉት የክሳት ወሰኖች በ1988 እ.ኤ.አ. ጄምስ፣ ፌሮ ሉዚና ዋተርሎ በአዋቂዎች ላይ የሚታየውን ሥር የሰደደ የኃይል እጥረት ለመተርጎም ካቀረቡት ሐሳብ የመጡ ሲሆኑ፣ 25 እና 30 የሚሉት ደግሞ በአመዛኙ አውሮፓዊ ዝርያ ባላቸው ሕዝቦች ላይ ከተሠሩ ጥናቶች የተወሰዱ ናቸው።

እነዚህ ወሰኖች ለኢትዮጵያውያን ሰውነት ምን ያህል ይስማማሉ? ዶይረንበርግና ባልደረቦቹ በ1998 እ.ኤ.አ. የተለያዩ ሕዝቦችን ጥናቶች ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ዕድሜና ጾታ እኩል ሆኖ የሰውነት ስብ መጠናቸው እኩል የሆኑ ኢትዮጵያውያንና ነጮች ሲነጻጸሩ የኢትዮጵያውያኑ ምጣኔ በ4.6 ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በሌላ አነጋገር መለኪያው «ጤናማ» የሚለው ሰው ውስጡ ብዙ ስብ ሊይዝ ይችላል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ላይ ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ከልክ ያለፈ ስብን ለመለየት የሚሻለው ወሰን ለወንዶች 22.2፣ ለሴቶች 24.5 አካባቢ እንደሆነ አመልክቷል። ልዩነቱን በኪሎ ማስላት ይቻላል፦ ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ወንድ በተለመደው ወሰን «ከበደ» የሚባለው 72 ኪሎ ሲያልፍ ነው፤ በጅማው ወሰን ግን 64 ኪሎ ላይ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። የስምንት ኪሎ ልዩነት ማለት ብዙ ሰው ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ 25ን በ22.2 መተካት ይበቃል ብሎ መቸኮል ግን ሌላ ስሕተት ይወልዳል። የጅማዎቹ ተጠኚዎች የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ናቸው፤ በጉና ግርጌ ገብስ የሚያርስ ገበሬ እነርሱን አይደለም። ያው 64 ኪሎ በአንዱ ሰውነት ላይ የሆድ ስብ፣ በሌላው ላይ የትከሻና የጭን ጡንቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለንፋስ መውጫ የሚሻለው ወሰኑን ማሻሻል ብቻ ሳይሆን የወገብ ዙሪያን አብሮ መለካት ነው። የመለኪያ ሜትር የልብስ ሰፊ ዕቃ ነው፤ ዋጋው ከጥናቱ የወረቀት ወጪ አይበልጥም። ቀጭን እግርና እጅ ያለው፣ ነገር ግን ቦርጭ ያወጣ የአርባ ዓመት ሹፌር በሚዛን ብቻ ሲታይ «ደኅና» ነው፤ ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት ተጋላጭነቱ የሚገለጠው ወገቡ ሲለካ ነው።

ከመለኪያው የሚከብደው ግን የአመጋገብ መጠይቁ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ምእመናን በዓመት ወደ 180 ቀናት ይጾማሉ፤ ካህናትና መነኮሳት ከዚያ የሚበልጥ። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና ይዘልቃል፤ ፍልሰታ የነሐሴን ግማሽ ይይዛል፤ ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ አሉ። ከፋሲካ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። አንድ ተማሪ የመስክ መረጃውን በመጋቢት ቢሰበስብ ዓቢይ ጾምን ያገኛል፤ የምርምር ፈቃዱ ዘግይቶ በግንቦት ቢወጣ በዓለ ሃምሳ ላይ ይወድቃል። በሁለቱ መካከል የተለወጠው የከተማው ሰው የአመጋገብ ልማድ ሳይሆን የተማሪው የጊዜ ሰሌዳ ነው። በታተሙት ውጤቶች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ የሚነበበው ወሩ ብቻ ነው፤ ያም በእንግሊዝኛው አቆጣጠር ስለሚጻፍ የጾሙ ነገር ፈጽሞ ይሰወራል።

ነገሩን የሚያባብሰው የምግብ ስብጥር ነጥብ አሰጣጥ ነው። ለሴቶች በስፋት የሚሠራበት መለኪያ ምግብን በአሥር ምድብ ከፍሎ አምስትና ከዚያ በላይ ያገኘችውን «በቂ ስብጥር አላት» ይላል። ከአሥሩ ሦስቱ፣ ማለትም ወተትና የወተት ተዋጽኦ፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ በጾም ይዘጋሉ። በዓቢይ ጾም በእነዚህ ሦስት ምድቦች የነጋዴዋም ሆነ የቀን ሠራተኛዋ ነጥብ ዜሮ ነው። አንዷ ያልበላችው ስለማትበላ ነው፤ ሁለተኛዋ ጾሙ ቢፈታም አታገኘውም። ሁለቱ ዜሮዎች በስታቲስቲክሱ ሶፍትዌር ውስጥ አንድ ሆነው ይገባሉ፤ ከዚያም «የምግብ ስብጥር ከክብደት ጋር ግንኙነት አልተገኘበትም» የሚል ሐረግ ይወጣል። ግንኙነቱ የጠፋው መረጃው በተሰበሰበበት ሳምንት ምክንያት እንጂ በእውነታው ላለመሆኑ ማረጋገጫ የለም።

ጾም ክብደት ይቀንሳል የሚለው ግምትም መፈተሽ ይፈልጋል። የሥርዓቱ ጾም ሁለት ነገር አለው፦ ከእንስሳት ተዋጽኦ መከልከልና እስከተወሰነ ሰዓት ምንም አለመቅመስ። በገጠር ሁለቱም ይጠበቃሉ ቢባል፣ በከተማ የመጀመሪያው ተጠብቆ ሁለተኛው የሚላላበት ሁኔታ ጥቂት አይደለም። ቅቤና ሥጋ ከገበታ ሲነሡ ቦታውን የሚይዘው ዘይት ነው፤ የጾም በያይነቱ፣ ሳምቡሳው፣ የተጠበሰው ድንች፣ ቦንቦሊኖው ሁሉ ዘይት ይጠጣሉ። ያም ዘይት እንደ ድሮው የኑግ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ከውጭ የሚገባው፣ በብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው፤ ከስቡ ግማሽ ያህሉ የረጋ ስብ ነው። ቢራና ለስላሳ መጠጥም ከእንስሳ ስላልተገኙ እንደ ምግቡ አይከለከሉም። አንድ ጠርሙስ ቢራ ወደ 140 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል፤ በምሽት ሦስት የሚጠጣ ሰው የአንድ ራት ያህል ጨምሮ ወደ ቤቱ ይገባል፣ በመጠይቁ ግን «በቀን ስንት ጊዜ ይመገባሉ?» ሲባል «ሁለት ጊዜ» ብሎ በቅንነት ይመልሳል።

በገጠሩ በኩል ደግሞ ጾምና የእህል እጥረት ይደራረባሉ። ፍልሰታ የሚውለው የአምናው እህል ባለቀበት፣ የዘንድሮው ባልደረሰበት ወር ነው። በደጋው ቀድሞ የሚደርሰው ድንች ያንን ጊዜ ለማሻገር ይረዳል፤ በዝናም መዛባት ወይም በበሽታ የተጠቃ እንደሆነ ግን የሚያሻግር ነገር አይኖርም። በነሐሴ የተመዘነችና በጥር የተመዘነች ሴት አንድ ክብደት አይኖራቸውም፤ አንዲት ሴት ራሷም ብትሆን። በኢትዮጵያ ገጠር ሴቶች የኃይል እጥረት ላይ በፌሮ ሉዚና በኢትዮጵያውያን ባልደረቦቿ ተሠርቶ በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ወቅትን የጥናቱ ዋና ጉዳይ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ የአንድ ጊዜ ዳሰሳዎች ግን ወቅትን እንደ ጉዳይ ማንሣቱን ትተውታል።

የሴፍቲኔቱ ሒሳብ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሮግራም በእህል ሲከፍል ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ያስባል፤ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባልም በወር አምስት የሥራ ቀን ይታሰባል። 15 ኪሎ ለሠላሳ ቀን ሲካፈል በቀን ግማሽ ኪሎ ነው፤ ስንዴ ከሆነ 1,700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። እርከን ሲሠራ፣ ድንጋይ ሲሸከም፣ ጉድጓድ ሲቆፍር የሚውል አዋቂ ወንድ በቀን ከ2,500 በላይ ይፈልጋል። ልዩነቱን ከራሱ ማሳ ካልሞላው ከሰውነቱ ይከፍለዋል። እዚህ ላይ «የአካል እንቅስቃሴ» በጥናቶቹ እንደሚለው የጤና መጠበቂያ ሳይሆን የክሳት መንስኤ ነው፤ በዚያው ቀበሌ ባለው ጽሕፈት ቤት ለተቀመጠው ሠራተኛ ደግሞ ያው እንቅስቃሴ መድኃኒት ነው። ሁለቱን በአንድ ሞዴል ውስጥ አስገብቶ አንድ ቁጥር ማውጣት ሁለቱንም ያጠፋቸዋል።

ጥያቄው ራሱም ችግር አለበት። «ስፖርት ይሠራሉ?» ስትባል ማለዳ ውኃ ቀድታ፣ ከብት አሰማርታ፣ ቀትር ላይ ከገበያ ሸክም ተሸክማ ሽቅብ የወጣች ሴት «የለም» ትላለች። ስፖርት በእርሷ አረዳድ የወጣቶች ኳስ ነው። እንቅስቃሴ አልባ ተብላ ትመዘገባለች፤ ክብደቷ ዝቅተኛ መሆኑም ለተመራማሪው እንቆቅልሽ ይሆንበታል። ሥራን፣ ጉዞንና ትርፍ ጊዜን ለይቶ የሚጠይቀው የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ ይህን በከፊል ይፈታል፤ ግን እርሱም ሲተረጎም ሸክምን፣ ፈጨታን፣ ቁልቁልና ሽቅብን በስማቸው ካልጠራ መላሿ ራሷን አታገኝበትም።

ስለ ክብደት የሚነገረው ቋንቋም ከመጠይቁ ጋር አይገጥምም። በጋይንት ሆነ በሌላው ጎንደር «ወፈርሽ፣ ተመችቶሻል» ማለት ምርቃት ያህል ነው፤ «ምነው ከሳህ?» የሚለው ግን ከኋላው «አሞህ ነው?» የሚል አለው። ይህ ከድህነት ትዝታ ብቻ የመጣ አይደለም። ኤች አይ ቪና ሳንባ ነቀርሳ ሰውን በክሳት ያሳወቁባቸው ዓመታት ሩቅ አይደሉም፤ ሰውነቱ የቀነሰ ሰው በዓይን ይመረመር ነበር። እንዲህ ባለ ማኅበረሰብ «ክብደትዎን ይቀንሱ» የሚል የጤና ምክር ለጆሮ ይከብዳል፤ የሚሰሙትም ምናልባት መስማት የማይገባቸው ናቸው። ምክሩ በሬድዮና በግድግዳ ጽሑፍ ሲሠራጭ ለሹፌሩና ለሴፍቲኔት ተጠቃሚዋ እኩል ይደርሳል። «ቅባት ይቀንሱ» የሚለው መልእክት ለአንዱ ትክክል ሲሆን፣ በወር አንድ ሊትር ዘይት ለማታገኝ እናት ግን ትርጉም የለሽ፣ ከዚያም አልፎ ጎጂ ነው።

ምክሩ ለሁሉም የሚያስፈልግበት ነገር ቢኖር ጨው ነው። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2015 እ.ኤ.አ. ያካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች አጋላጭ ሁኔታዎች ዳሰሳ አዋቂዎች በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው እንደሚወስዱ ገምቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን 5 ግራም ነው። ከስድስት አዋቂዎች አንዱ ገደማም የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው ከዚያ እጅግ ያነሱ ስለነበሩ፣ ግፊቱን ሁሉ በውፍረት ማስረዳት አይቻልም። ከሲታ ሆኖ ግፊት ያለበት ሰው በክብደት ብቻ በተመሠረተ ልየታ ይታለፋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ሲደርስ የከተማዋ ሆስፒታል ጭምር ተዘርፎ ነበር፤ እንዲህ ባለ ቦታ ማን ቀድሞ ይመርመር የሚለው ጥያቄ የወረቀት ጥያቄ አይደለም።

በተቃራኒው የሚነሣ ተገቢ ክርክር አለ። እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን ወሰንና የራሱን መጠይቅ ካወጣ ማነጻጸር አይቻልም፤ የማስተርስ ተማሪ ጊዜና ገንዘብም ውሱን ነው። ክርክሩ ልክ ነው፤ የሚጠየቀውም መደበኛውን መለኪያ መጣል አይደለም። ከ25 በላይ ያሉትን ብቻ ከመቁጠር ይልቅ ከ18.5 በታች ያሉትንም በዚያው ሰንጠረዥ ማሳየት ተጨማሪ ወጪ አያስከትልም፤ መረጃው ተሰብስቧልና። የወገብ ዙሪያ በአንድ ሰው ላይ ሁለት ደቂቃ አይወስድም። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ፣ ከጎኑ «ጾም» ወይም «ፍስክ» የሚል ምልክት ቢደረግበት የአንድ ቃል ሥራ ነው። ከተቻለ አንድ መቶ ያህሉን ተጠኚዎች በሌላ ወቅት ደግሞ መመዘን፣ በአንድ ጊዜ አምስት መቶ ከመመዘን የበለጠ ያስተምራል።

አንድ ጉዳይ ግን በአንድ ተማሪ አቅም የማይዘለቅ ነው። ኔዘርላንድስ በ1944 እና 1945 እ.ኤ.አ. ክረምት የተራበች ጊዜ፣ በእናታቸው ማኅፀን የመጀመሪያ ወራት ረሀቡ የደረሰባቸው ወንዶች በ19 ዓመታቸው ለውትድርና ሲመረመሩ ውፍረት በብዛት ታይቶባቸዋል፤ በማኅፀን መጨረሻና በጨቅላነት የተራቡት ዘንድ ግን ቀንሶ ተገኝቷል። የ1977 ዓ.ም. ረሀብ ተራፊዎችም በራያ ቆቦ በኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች መጠናት ጀምረዋል። ከራያ ቆቦ በተራራው ማዶ፣ በጋይንትና በስማዳ፣ በዚያ ዓመት የተወለዱት ዛሬ አርባን ተሻግረዋል፤ ከፊሎቹ ገጠር ቀርተዋል፣ ከፊሎቹ ከተማ ገብተው ነግደዋል፣ ተቀጥረዋል። በረሀብ የተፀነሰ ሰውነት በከተማ ገበታ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ መልሱ በእነርሱ ዘንድ አለ። በክብደት መጠይቆች ላይ የትውልድ ዓመታቸው ዛሬም ይጻፋል፤ የሚያገለግለው ግን ዕድሜያቸውን ለማስላት ብቻ ነው።